ለትራክተሩ ስታጨበጭቡ ባለመሬቱንም ጠይቁ

ወገኖቼ ኧረ ቀስ እንበል! የአርሲና የባሌ ስንዴ በኮምባይነር ሲታጨድ ቪዲዮ ባያችሁ ቁጥር አደግን እያላችሁ ሼር ታደርጋላችሁ፣ እሺ ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ያለጊዜው ዝናብ ሳይመታው ሰብሉን ያነሳል፣ እሱን የሚክድ የለም። ግን ማጭድ ይዞ በቀን ሂሳብ ያጭድ የነበረው ልጅ የት ገባ ብሎ የጠየቀ አለ?

ይሄ እኮ የደረሰብን ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም አርሲ ውስጥ ጭላሎ ላይ በስዊድን እርዳታ ካዱ የሚባለው የግብርና ልማት ድርጅት ሲቋቋም ለትንሹ ገበሬ ነው ተብሎ ነበር፣ ምርጥ ዘር መጣ ማዳበሪያ መጣ ምርት ጨመረ፣ መሬቱ ማትረፍ ሲጀምር ግን ባለርስቱ ከቀረጥ ነፃ የገባ ትራክተር ገዛና ጭሰኛውን ልቀቅልኝ አለው። ስንቱ ቤተሰብ ሜዳ ላይ ወደቀ! በየካቲት 1967 መሬት ላራሹ ተብሎ ሲታወጅ ሕዝቡ አደባባይ የሞላው በከንቱ አልነበረም። ጋምቤላም በ2003 ካሩቱሪ ለሚባል የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር፣ ሄክታሩ በዓመት 20 ብር ተሰጠ፣ አብዛኛው ሳይለማ በ2008 ውሉ ተሰረዘ።

አሁን ደግሞ እኛው ነን። ከተማ ቁጭ ብለን በደላላ መሬት በኮንትራት እንይዛለን፣ ባለመሬቱ ወይ የማዳበሪያ እዳ አለበት ወይ ልጁ ታሞበታል፣ የአምስት ዓመቱን ባንዴ ተቀብሎ ይፈርማል፣ ብሩ በክረምቱ ያልቃል፣ ከዛ በገዛ መሬቱ ላይ አራሚ ሆኖ በቀን ይቀጠራል። ኮምባይነሩም ከፍ አድርጎ ቆርጦ ጭዱን በትኖት ይሄዳል፣ በሬው የሚበላው ያጣል፣ በሬ ከተሸጠ ደግሞ በምን ያርሳል? ኮንትራቱ ሲያልቅ ተመልሶ ማከራየት ነው። ድህነቱ እንዲህ ነው የሚቆለፍበት፣ ደሞ ሰነፍ ነው እንለዋለን፣ ይሄ ነው እኔን በጣም የሚያናድደኝ!

ስለዚህ መሬት የያዛችሁ ሁሉ፣ የአምስት ዓመቱን በዛሬ ዋጋ አትዋዋሉ፣ በየዓመቱ በጊዜው ገበያ ክፈሉ። ጭዱን ሰብስቦ ይውሰድ ፍቀዱለት፣ ቃርሚያ የምትለቅመዋን እናት በዘበኛ አታባርሩ። ውሉን መሬት አስተዳደር ወስዳችሁ አስመዝግቡ፣ ፊደል ያልቆጠረ ከሆነ ደላላው ሳይሆን የራሱ ልጅ ወይ ጎረቤቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያንብብለት፣ ሳይገባው ጣቱን ቀለም አታስነክሩት።