አባቴ ያልሄደበት ምሽት
«ምነው በነበርኩ የምትሉት ኮንሰርት የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙዎች በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከበረውን የቦብ ማርሌይን 60ኛ ልደት አንስታችኋል። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ከመድረኩ ይልቅ የፊቴን ሰው ማጅራት ሳይ አመሸሁ እንጂ።

የእኔ ቁጭት ሌላ ነው፤ አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ የመጣበት ጊዜ። ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ ሙላቱ አስታጥቄም ያኔ አገኘው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኤሊንግተን አረፈ፤ አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እኔ አልተወለድኩም። አባቴ ግን ፒያሳ ይሠራ ነበር! ለምን እንዳልሄደ ብጠይቀው፣ «ጥላሁን ቢሆን ኖሮ እሄድ ነበር» አለኝ። እስከ ዛሬ አኩርፌዋለሁ።