ለበሽተኛ ኮንሰልት፣ ለክፍል ግን የብቻ

ምሳ አብሬያቸው የበላሁት አራት ሰዎች ሁሉም ሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተምራሉ። ምሳ በልተን ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የአናቶሚ መምህሯ አማረረች። የልብና የደም ሥር ሞጁሉን አምስት ሰው ይካፈለዋል። እሷ ትጀምራለች፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፓቶሎጂና ፋርማኮሎጂ (የሰውነት አሠራር፣ የበሽታና የመድኃኒት ትምህርቶች) ይከተላሉ፣ ኢንተርኒስቱ (የውስጥ ደዌ ሐኪሙ) ይዘጋል። አንዱ ገብቶ ምን እንዳለ ግን ሌላው አያውቅም።

«ተማሪው የልብ ድካምን ሦስት ጊዜ ከሀ ይማራል። ኢሲጂ፣ የልብ ምት ሥዕሉን፣ ማንበብን ግን እያንዳንዳችን ‹ሌላው ያስተምረዋል› ብለን ዘለልነው።»

አንጋፋው ሰርጀን አልተዋጠላቸውም። «እኛ ጋ ይህ የለም። ጠዋት ሞርኒንግ የምንለው ስብሰባ አለ፣ የሌሊቱ ተረኛ ሥራ ይቀርባል፣ ከዚያ ራውንድ ነው፣ በሽተኞቹን አልጋ በአልጋ እናያለን። ሲኒየሩም፣ ስፔሻሊቲ የሚማረው ሬዚደንትም፣ ገና ተለማማጁ ኢንተርንም አንድ ላይ ነው። ከዚህ በላይ አብሮ ማስተማር ምን አለ?»

«ፕሮፍ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ወጣቱ ፋርማኮሎጂስት፣ «ሞርኒንግ ላይ በጥያቄ የሚፋጠጠው ኢንተርኑ ነው። እርስዎን ‹ይህን ለምን እንዲህ አስተማሩት?› ያለ ሲኒየር አለ?»

ፕሮፍ ሳቁ፤ መልስ ግን አልነበራቸውም።

የሚድዋይፈሪ መምህሯ ነገሩን ወደ ኋላ ወሰደችው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው እዚያው ጎንደር አካባቢ፣ ደንቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው። ሄልዝ ኦፊሰሩ፣ ኮሚኒቲ ነርሷና ሳኒተሪያኑ (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያው) በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እየወጡ ይማሩ ነበር። «የቡድን ሥልጠናው እስከ ዛሬ አለ። ተማሪዎቹን ተባበሩ ብለን እንልካለን፤ እኛ ግን በየዲፓርትመንታችን መኪና ለየብቻ ሄደን፣ ለየብቻ ማርክ ሰጥተን እንመለሳለን።»

ፋርማኮሎጂስቱ የራሱ ቁስል ነበረው። ስላይዱን ለባልደረባ ሰጥቶ፣ የፊት ገጹ ላይ የሌላ ሰው ስም ተጽፎ አይቶታል። «ደግሞስ እድገት የማገኘው በአርቲክል ነው። ሁለት ሆነን አንድ ክፍል ብንገባ ሎዱ፣ የሚቆጠርልን የማስተማር ሰዓት፣ ለሁለት ይካፈላል። የትኛው ሞኝ ይገባል?»

«ኤች ዲ ፒ፣ የመምህራኑን የማስተማር ሥልጠና፣ ስንወስድ እኮ አንዳችን የሌላውን ክፍል እየገባን አስተያየት እንሰጣጥ ነበር» አለች የአናቶሚዋ። «ማንም አልሞተም። ሰርተፍኬቱን ከተቀበልን በኋላ ግን ማን ደገመው?»

ይሄኔ ፕሮፍ ዋናውን ነገር አወጡት። «ተማሪ ፊት ‹ተሳስተሃል› የተባለ ሐኪም፣ ነገ አልጋ አጠገብ ሲናገር ማን ይሰማዋል?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥጋቱ ግን ይገባኛል፣ የሚናቅም አይደለም። ለማሳመን የሚበቃ ግን አልሆነልኝም። ፕሮፍ ራሳቸው የልብ ችግር ያለበት በሽተኛ ቢገጥማቸው ቀዶ ሕክምና ከመግባታቸው በፊት ለኢንተርኒስቱ ኮንሰልት (የምክር ጥያቄ) ይጽፋሉ። ካንሰር ሲሆን ከራዲዮሎጂስቱ፣ ከፓቶሎጂስቱና ከኦንኮሎጂስቱ ጋር ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ሐሳባቸውም እዚያው ሊለወጥ ይችላል። በዚህ ክብራቸው ሲቀንስ አላየሁም። ስለ አንድ ታካሚ መጠየቅ ነውር ካልሆነ፣ አንድ ሙሉ ባች ስለሚማረው ነገር መጠየቅ ለምን ነውር ይሆናል?

ወርክሾፕ ግን አይጠራ። «ድር ቢያብር» የሚል ባነር፣ ውሎ አበልና የቡድን ፎቶ አይተናል። እኔ ብሆን ከፈተናው እጀምራለሁ። ከፈተናው ሳምንት በፊት አምስቱ መምህራን ጥያቄዎቻቸውን ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። የልብ ድካም ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ፣ ኢሲጂም እንደቀረ ወረቀቱ ራሱ ያሳያል። ተማሪ የለም፣ የማንም ክፍል አልተደፈረም፤ የፕሮፍም ሥጋት እዚያ ቦታ የለውም። ጥያቄ ይሾልካል የሚል ካለ ወረቀቱ ከዚያ ክፍል አይውጣ። ክፍል ገብቶ መታዘቡ ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይቀላል።

የወጣቱ ቅሬታ ግን በቀና ልብ ብቻ አይፈታም። የሞጁሉ አስተባባሪ ለዚያ ስብሰባ ሎድ ይቆጠርለት፣ ስላይድ ሲዋዋሱም የአዘጋጁ ስም እንዳይነካ ዲፓርትመንቱ ደንብ አድርጎ ይጻፈው። ይህ እስኪሆን ድረስ ወጣቱ ስላይዱ ያለበትን ፍላሽ ኪሱ ውስጥ ቢይዝ አልፈርድበትም።