ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት

የድሮ ፖርሴሊን፣ ማለትም የነጭ ሸክላ ሰሃን እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ገልብጡት። ፊቱ ለገዢ የተሳለ ነው፤ ሰማያዊ ወንዝ፣ ድልድይ፣ ዛፍ፣ ጀልባ የያዘ ሰው። የኖረው ኑሮ የሚታየው ከጀርባው ነው። ለንደን ውስጥ በፖርቶቤሎ መንገድ የቅዳሜ ገበያ ከአንድ ምሳ በማይበልጥ ዋጋ የገዛሁት ሰሃን በ18ኛው መቶ ዘመን ቻይና ውስጥ ተሠርቶ በመርከብ ወደ አውሮፓ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰው እጅ አምልጦ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ከፊት ለፊት ሲያዩት ቀጫጭን ስንጥቆች ብቻ ይታያሉ። ከጀርባው ግን ሰባት አጫጭር የናስ ሽቦዎች ስንጥቁን ተሻግረው፣ ጫፋቸውን በሰሃኑ ገላ ውስጥ ቀብረው፣ ስባሪዎቹን አንድ ላይ ይዘዋቸዋል። ይህን ያህል ዘመን ይዘዋቸዋል። ውሃ ብጨምርበት ጠብ አይልም።

ይህ ሥራ እንዴት እንደተሠራ ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የሰሃን ጠጋኙ ጫፉ ላይ የአልማዝ ቅንጣት የተተከለበት መሰርሰሪያ ነበረው፤ የሚያሽከረክረውም በእጁ ነው። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንንሽ ጉድጓዶች ይቦረቡራል። ሰሃኑ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉድጓዱ በፊት በኩል ብቅ ካለ ሥራው ተበላሸ። ስለዚህ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ሄዶ ማቆም አለበት፤ ማቆሚያውን የሚነግረው ደግሞ ጣቱ ብቻ ነው። ከዚያ ሽቦውን በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ካለው ርቀት በጥቂቱ አሳጥሮ ያጥፈዋል። ሽቦው ተወጥሮ ሲገባ ሁለቱን ስባሪ እርስ በርስ ይስባቸዋል። ሰሃኑን የሚይዘው ይህ ውጥረት ነው። የቀረችውን ክፍተት በጀሶ ይደፍናታል፤ አለቀ።

ለምን ይህን ያህል ደከሙ ቢባል፣ ፖርሴሊን ውድ ነበር። አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ እንኳን አላወቁትም፤ ጥበቡን ደርሰውበት በጀርመን አገር የማይሰን ፖርሴሊን ፋብሪካ የተቋቋመው በ1710 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥሩ የሻይ ዕቃ የቤተሰብ ሀብት ነበር። ስለዚህ የበራዱ መቅጃ ሲሰበር ብር አንጥረኛ ዘንድ ተወስዶ የብር መቅጃ ይገጠምለታል። ብር የማይችል ቤተሰብ በቆርቆሮ ያሠራዋል። ጆሮው የወለቀ ኩባያ ሌላ ጆሮ ከቆርቆሮ ተሠርቶለት፣ በሁለት የብረት ቀለበት ሆዱ ላይ ታስሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ኩምስ የሚባል ጠጋኝ ደግሞ ስባሪውን እንደ መስታወት በሚቀልጥ ውህድ አያይዞ እንደገና ያቃጥለው ነበር፤ ከሥሩም ስሙንና የሚሠራበትን ጎዳና ስም ይጽፍበታል። የጠገነውን ሰሃን ፈረመበት ማለት ነው! የሚያፍርበት ሥራ ቢሆን ኖሮ ስሙን አይጽፍም ነበር።

በሽቦ መጠገን እንግሊዝ አገር እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ዘልቋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ ሲመጣና የፋብሪካ ሰሃን ሲረክስ ጠጋኙ ከመንገድ ጠፋ። ዛሬ ለንደን ውስጥ የተሰበረ ሰሃን ይዞ የሚዞር ሰው በሽቦ የሚሰፋለት ማግኘት ይከብደዋል። ያለው የጥንት ዕቃ አዳሽ ነው፤ የእሱም ሙያ ስብራቱን ማጥፋት ነው። የድሮውን ሽቦ እየነቀለ፣ ጉድጓዱን እየደፈነ፣ ቀለም እየቀባ ዕቃውን እንዳልተሰበረ ያደርገዋል። ይህን አልወደውም። ያ ሽቦ የአንድ ሙያተኛ የእጅ ሥራ ነው፤ ነቅሎ መጣል የሥዕሉን ያህል ዋጋ ያለው ነገር መጣል ነው። ደግነቱ ጥገናው ራሱ የሚማርካቸው ሰብሳቢዎች በብሪታንያም በአሜሪካም አሉ፤ እነሱ ሽቦው ሳይነካ ይፈልጉታል። ነጋዴው ግን አሁንም የተጠገነውን ከጠረጴዛው ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አንድ አረንጓዴ ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ቻይና ውስጥ የተሠራ። እንደሚተረከው በ15ኛው መቶ ዘመን ጃፓንን ይገዛ የነበረው ሾጉን አሺካጋ ዮሺማሳ ሳህኑ ሲሰነጠቅበት እንደሱ ያለ ሌላ እንዲላክለት ወደ ቻይና ላከው። ቻይናዎቹ እንደሱ ያለ ሊያገኙለት ስላልቻሉ ስንጥቁን በብረት ሽቦ ሰፍተው መለሱለት። ጃፓኖች ያንኑ ሳህን ከነብረቱ እንደ ትልቅ ቅርስ ይዘውታል። ስብራትን በሙጫና በወርቅ የሚያያይዙበት ሌላው ጥበባቸው ዛሬ በዓለም ሁሉ ይታወቃል፤ እኔ ግን የሚገርመኝ ይህ ግራጫ ብረት ነው፤ ለውበት ተብሎ የተደረገበት ምንም ነገር የለም።

እኛስ? ፖርሴሊኑ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለችው በሐርላ የተደረገ የመሬት ቁፋሮ ከቻይና የመጡ የሸክላ ስባሪዎችን አውጥቷል፤ የሐረር ቤቶች ግድግዳም እስከ ዛሬ በሰሃንና በስፌት ያጌጠ ነው። የእኛ የጥገና ጥበብ ጎልቶ የሚታየው ግን በቅልና በመጽሐፍ ላይ ነው።

የብራና መጽሐፍ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ቆዳው ሲገፈፍ ወይም ሲፋቅ ቢላ የበሳው ቦታ ይሰፋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን እየዞረ ይጽፋል። የሽፋኑ የእንጨት ገበታ ሲሰነጠቅ ደግሞ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ይበሳና በገመድ ወይም በሽቦ ይጠመጠማል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተዘርፈው የመጡ መጻሕፍት እዚሁ ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ገበታና የእኔን ሰሃን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሁለቱ ጠጋኞች አእምሮ አንድ ሆኖ ታገኙታላችሁ፦ ግራና ቀኝ ብሳ፣ አቋርጥ፣ ወጥር። ማንም ከማንም አልተማረውም።

ጎጃም ያለች አክስቴ ቤት የወተት ቅል አለ፤ ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋ። ወስፌው የገባባቸው ቀዳዶች እኩል በእኩል ተራርቀዋል፤ ጅማቱም ከጢሱና ከቅቤው ብዛት ጠቁሮ ከቅሉ ገላ ጋር ተመሳስሏል። አንስቼ ሳገላብጠው አክስቴ ደነገጠች።

«ተወው ልጄ፣ እሱማ የተሰፋ ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም።»

«ማን ሰፋው?»

«እናቴ ናታ። የቀድሞ ሰው እንዲህ ነው፤ ይሰፋል እንጂ አይጥልም። አሁንማ ማን ይሰፋል፣ ፕላስቲኩ አለ።»

እንግዳ ፊት ስባሪ ማቅረብ ነውር መሆኑ ይገባኛል፤ ጫፉ በተሸረፈ ሲኒ ቡና መስጠት እናቶቻችን የማይፈቅዱት ነገር ነው፤ እንግዳን ማክበር ነው። ግን ለእንግዳ አለማቅረብና ከቤት ማስወጣት ለየቅል ናቸው። ልዋጭ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌውን በሳፋና በብርጭቆ ይለውጣል፤ ቆራሌው ብረቱን ይወስዳል። ውጭ አገር ያለነውም ወደ አገር ቤት ስንሄድ አዲስ የሰሃን ስብስብ ተሸክመን ነው የምንሄደው፤ እሱ ቡፌው ውስጥ ሲደረደር የተሰፋው ቅል ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ጓሮ ይወጣል። እዚህ ያሉ ወዳጆቼ ቤትም እንደዚያው ነው። ሰሃኔን ያሳየኋት አንዲት እህት «ሙሉውን አጥተህ ነው?» አለችኝ፤ አዝናልኝ ነው የጠየቀችኝ።

እንግሊዝ አገር ጥገናው መሰብሰብ የጀመረው ጠጋኙ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ሰብሳቢ ስለ ሰባቱ ሽቦዎቼ ቢጠይቀኝ የማን ሥራ እንደሆኑ መናገር አልችልም፤ የሚያውቅ ሰው ካለፈ ቆይቷል። አገር ቤት ግን ጠጋኙ ገና አለ። ምን አለሽ ተራ የብረታ ብረት ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም፤ የድስት ቂጥ የሚቀይር፣ የጃንጥላ ዘንግ የሚያቀና፣ የተሰነጠቀ ሳፋ በጋለ ቢላ የሚያያይዝ ሰው አለ። ቅሉን የሰፋችውን አያቴን የሚያስታውሱ ሰዎችም በሕይወት አሉ። ይህ እንግሊዞቹ ምንም ያህል ቢከፍሉ የማያገኙት ሀብት ነው፤ እኛ ደግሞ በሳፋ እየለወጥነው ነው።

ለዚህ ነው ለበዓል አገር ቤት የሚሄዱ ወዳጆቼን የምለምነው። ጓዳ ግቡና የተሰፋውን፣ የተጠገነውን፣ እጀታው የተቀየረውን ጠይቁ። እናታችሁ «ተዉት» ስትል አትተዉት። ማን ሰፋው፣ በምን ሰፋው፣ እንዴት ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በፊት ምን ይቀመጥበት ነበር ብላችሁ ጽፋችሁ ወረቀቱን ከዕቃው ጋር አስሩት። ወደዚህ ይዛችሁት እንድትመጡ አልፈልግም፤ ቦታው እዚያው ነው። የአክስቴ ቅል ላይ የአያቴ ስምና ቅሉን የሰፋችበት ቤት ተጽፎ ታስሮበታል፤ ወረቀቱን የጻፈችው የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት፤ አሁን ደግሞ የጎረቤቶቹን ዕቃ እየዞረች መመዝገብ ጀምራለች።