እጃችሁ አይዛል!

የደሴ ታዳሚ ሆይ፣ ኮራሁብህ። ወሎ ባህል አምባ ገብተህ፣ ገና መጋረጃው ሳይከፈት ስልክህን ሰቅለህ፣ እስከ መጨረሻው ሳታወርድ ትዘልቃለህ። ወታደር ጠመንጃውን እንዲህ አይሸከምም። ከኋላህ የተቀመጡት እትዬ መድረኩን አላዩም፤ ግን ምን ቸገራቸው፣ በአንተ ስክሪን አዩት። ያውም ዙም አድርገህላቸው!

ድሮ እኮ ኋላ ቀር ነበርን። ዝግጅት ሲኖር ሞንታርቦ የጫነች መኪና ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ስትለፈልፍ ትውልና ሰው ሰምቶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ በእግሩ ይመጣ ነበር። ምን ዓይነት ልፋት ነው! አሁን ፖስተሩ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ሁሉም ከሥሩ «አንቀርም» ብሎ ልብ ይደረድራል፣ ከዚያ ሁሉም ይቀራል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልካችን ውስጥ ስላለ በክፍያ ማሳበብ አልተመቸንም። ብርዱ ነው እንላለን። ደሴ ብርድ አታሳጣን።

ደግሞስ ለምን እንመጣለን? አንተ ላይቭ ታስገባልናለህ። ኮምቦልቻ ያለው ዘመድህ ሙቀቱ ላይ ተጋድሞ ያያል። ፌስቡክም ቸር ነው፣ ለዓመታት 3 ሰከንድ ያየውን ሁሉ ተመልካች ብሎ ሲቆጥር ኖሯል። በ3 ሰከንድ አምባሰል ይጀመራል እንጂ የት ይደርሳል? (ማሲንቆ መቃኘት ራሱ ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ለነገሩ እሱን ማን ይሰማል።)

ከሁሉ የማደንቅህ ግን በሽልማቱ ነው። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ቀርቶ ቲክቶክ ላይ ጽጌረዳ መወርወር መጥቷል። ጽጌረዳዋ የ1 ኮይን ናት፤ ቲክቶክ ድርሻውን ቆርጦ የቀረው ላይቭ ላስገባኸው ለአንተ ይደርሳል። ማሲንቆ መቺው? እሱማ ጥበብ ይብቃው!

ባለፈው አንዱ አዝማሪ እንደ ልማዱ ከታዳሚው ግጥም ጠብቆ ዝም አለ። «ተቀበል!» የሚል ጠፋ። እጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ አፍም ድምፁ ቪዲዮው ላይ እንዳይገባ ተዘግቷል። ሰውዬው ቢቸግረው ለራሱ ሰጠና ለራሱ ተቀበለ፦

«እጅሽ ስልክ ይዞ ጭብጨባሽ ጠፋብኝ፣
ፊትሽን ልይ ብል ፍላሽሽ በራብኝ።»

መቼም ወሎ ገራገሩ አይደል፣ የተሰደበ አልመሰለንም። ግጥሙን ቀርጸን ለቀቅነው፣ በጣም ሼር ተደረገ።

ያኔ አዳራሹ በግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ላይቩ ላይ አንዱ ተቆርቋሪ «ለእንደዚህ ዓይነት ጥበብ ወንበር ባዶ ይሆናል? የታለ የደሴ ሕዝብ!» ብሎ በቁጭት ጻፈ። የት ሆነህ ነው ቢሉት፣ ፒያሳ፣ ቡና እየጠጣ።