ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ በምን ይመዘኑ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የቀድሞው የአየር ኃይል አዛዥ የመኮንንነት ዘመን ከሁሉ በላይ ሊመዘን የሚገባው በኦጋዴን የአየር ውጊያ አመራራቸው ነውን?

ነው የሚሉት ተከራካሪ

የሶማሊያ ጦር ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ሲገባ አገሪቱ በአብዮት እየታመሰች ነበር፤ አሜሪካም የመሣሪያ አቅርቦቷን አቋርጣለች። ጄኔራል ፋንታ የሚመሩት አየር ኃይል ጥቂት ኤፍ-5 ተዋጊዎችን ይዞ በቁጥር የሚበልጡትን የሶማሊያ ሚጎች ገጠመ፣ የአየር የበላይነቱንም ያዘ። የወራሪው የስንቅና የጥይት መስመር ከሰማይ ሲመታ ግስጋሴው ተዳከመ፤ ሐረርና ድሬዳዋም ሳይያዙ ቀሩ። ለዚህ ድል የሚመሰገኑት በቅድሚያ አብራሪዎቹ ናቸው። ሆኖም መለዋወጫ ከውጭ በማይመጣበት ወቅት አውሮፕላን ለበረራ ዝግጁ አድርጎ ማቆየት፣ ያሉትንም ጥቂት አውሮፕላኖች የት ማሰማራት እንደሚገባ መወሰን የአዛዥ ኃላፊነት ነው። አገር በሕልውናዋ ስትፈተን የተሰጠን እንዲህ ያለ አመራር ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ እመዝናለሁ።

አይደለም የሚሉት ተከራካሪ

የአየሩን ድል እኔም በአክብሮት እቀበላለሁ። ጅግጅጋ የካቲት 1970 ዓ.ም. ነፃ የወጣችው የኩባ ወታደሮችና የሶቪየት መሣሪያ ከተጨመሩ በኋላ መሆኑ ግን አይዘንጋ። ዋናው ተቃውሞዬ ሌላ ነው። የጄኔራሉ አዛዥነት በካራማራ አላበቃም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ይኸው አየር ኃይል በኤርትራና በትግራይ ከተሞችንና መንደሮችን ደብድቧል፤ ገበሬው አውሮፕላን ፈርቶ በሌሊት ያረሰበት፣ ገበያውም ከጨለመ በኋላ የቆመበት አካባቢ ብዙ ነበር። በምሥራቅ የተገኘው ክብር ለአዛዡ የሚመዘገብ ከሆነ በሰሜን የፈሰሰው የሰላማዊ ሰው ደምም በስማቸው ሊመዘገብ ይገባል።

ነው የሚሉት ተከራካሪ

የሰሜኑን መከራ አልክድም፤ ትእዛዙ የሚመነጨው ግን ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበር። ጄኔራሉም የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሳሉ ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ያንን ሥርዓት ለመጣልና ጦርነቱን በድርድር ለመቋጨት ከተነሡት ከፍተኛ መኮንኖች አንዱ ሆነዋል። ሙከራው ሲከሽፍ ተይዘው ለፍርድ ሳይቀርቡ በእስር ላይ ተገድለዋል። ሹመታቸውንና ሕይወታቸውን ለዚህ ዓላማ የሰጡ ሰው የአገዛዙ ዕዳ ተሸካሚ ብቻ ተደርገው ሊታዩ አይገባም።

አይደለም የሚሉት ተከራካሪ

እርስዎ ራስዎ የጄኔራሉን ክብር ለመጠበቅ ከኦጋዴን ወጥተው ወደ 1981 ለመሄድ ተገድደዋል፤ የእኔም ክርክር ይኸው ነው። ትእዛዙ ከላይ ቢመጣም አስፈጻሚው አዛዥ ከኃላፊነት አይወጣም። ለ1981 ድፍረታቸው ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሙከራ ሳቢያ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም የነበሩት ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና ጄኔራል ፋንታን በአየር ኃይል አዛዥነት የተኩት ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሞተዋል፣ በግንቦት 1982 ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተገድለዋል፤ ሠራዊቱም ልምድ ያላቸውን መሪዎቹን አጥቶ ወደ መጨረሻዎቹ ውጊያዎች ገብቷል። የጄኔራል ፋንታን ታሪክ የሚጽፍ ሰው በደብረ ዘይት የነበሩትን አብራሪዎች እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ በሰሜን ቦምብ የወረደባቸውን ቤተሰቦችና በ1981 አባቶቻቸውን ያጡትን ልጆችም መጠየቅ አለበት።