እዚህ አገር እንደዛ አይደረግም

አሜሪካ የገባ ሐበሻ አሜሪካን የሚማረው ከአሜሪካኖች አይደለም። ከነባሩ ነው። ነባር ማለት ከአንተ አንድ ክረምት ቀድሞ የመጣ ማንኛውም ሰው ነው። አንድ ክረምት ይበቃል። ከመኪናው ላይ በረዶ የጠረገና አንዴ የፓርኪንግ ቅጣት የከፈለ ሰው መምህር ለመሆን የሚጎድለው ነገር የለም።

ትምህርቱ የሚጀምረው የዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ነው፤ ሻንጣው ገና ጋሪ ላይ ሳይወጣ። "ጮክ ብለህ አታውራ። ሰው ትክ ብለህ አትይ። የማታውቀውን ሕፃን ደግሞ 'ሲያምር!' ብለህ ጉንጩን እንዳትነካ። እዚህ አገር እንደዛ አይደረግም።" ይህን የሚለው ነባር ራሱ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ አዲስ አበባ ካለ አጎቱ ጋር እየጮኸ ነው። "አዎ ጋሼ፣ ገብቷል! ትንሽ ከስቷል!"

ከዚያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም እስከ አሌክሳንድሪያ ባለው መንገድ የገንዘብ ትምህርት ይሰጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ "ወደ ብር እንዳትመነዝር!" ምክሩ ልክ ነው። የሚመነዝር ሰው ፀጉሩን አይቆረጥም። የተጠየቀውን በልቡ አባዝቶ፣ በዚህ ብርማ አገር ቤት ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ አስተካክል ነበር ብሎ ይወጣል። ችግሩ ነባሩ ራሱ ቀን ከሌት መመንዘሩ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያደረው ማን ሆነና? ለገጣፎ የጀመረው ቤት አለዋ።

ሌላው ጣጣ ነባሩ በቆየ ቁጥር ምክሩም አብሮት የሚያረጅ መሆኑ ነው። የዲቪ ዕጣ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲጀመር የገቡ አሉ። ለእነሱ አሜሪካ የቆመችው እዚያው ነው። "ባለ አምስት ዶላር የስልክ ካርድ ግዛ" ይሉሃል፣ ቫይበር ላይ ከእናትህ ጋር በቪዲዮ እያወራህ። "ታክሲ ንዳ፣ ታክሲ የመሰለ ሥራ የለም" ይሉሃል፣ ኡበር አሳፍሯችሁ እየሄዳችሁ።

ነባሩ የማይነግርህ ነገርም አለ። ለምሳሌ ሙቀቱ የሚለካው በፋራናይት መሆኑን። አዲስ መጪው "ዛሬ 50 ነው" ሲባል አፋር የገባ መስሎት በካናቴራ ይወጣል። 50 ማለት በለመደው ልክ 10 ዲግሪ መሆኑን የሚረዳው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ነው።

ሰዓቱም ያው ነው። በመሀላችን ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ግን ስንቱን አቆራርጧል! "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ስትል መጀመሪያ የሚመጣልህ ጥያቄ "በሐበሻ ነው በፈረንጅ?" የሚል ነው። አሁን አንድ ዘዴ ተገኝቷል። "ናይን" ካልን ቀልድ የለም፤ ሐኪም ቤት ነው ወይ ሥራ ነው። "ሦስት ሰዓት" ካልን ግን ክርስትና ወይም ልደት ነው፤ ስለዚህ አምስት ሰዓት ላይ ሻወር እንገባለን።

ስም ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። ፎርሙ "ላስት ኔም" ይላል፤ አንተ የአባትህን ስም ትጽፋለህ። ከዚያ በኋላ ወልደማርያም አንተ ነህ። ከመንዝ ወጥተው የማያውቁት፣ አውሮፕላን ሲያልፍ እያማተቡ ያደጉት አባትህ ቨርጂኒያ ክሊኒክ ውስጥ "ሚስተር ወልደማሪያም" ተብለው ለጉንፋን ክትባት ይጠራሉ። ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆቹ በአባታቸው ሲጻፉ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ላስት ኔም ይሆናል። የትምህርት ቤቷ ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ "እናንተ ግን ቤተሰብ ናችሁ?" ትላለች። ነባሩ ለዚህም መላ አያጣም። "የባልሽን ላስት ኔም ያዢና ተገላገዪ።" እሷም ትይዛለች። ፈረንጁ ደስ አለው። በሐበሻ ጆሮ ግን ባልና ሚስቱ የአንድ አባት ልጆች ሆነው ቁጭ አሉ።

ቡናውስ? አፓርትመንት ውስጥ ቡና ለመቁላት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዷ ትቆላለች፣ አንዱ ወንበር ላይ ቆሞ ሰፌድ ያራግባል። ሰፌዱ ከአገር ቤት ሲላክ ለእህል ታስቦ ነበር። አሁን ሥራው ኮርኒስ ላይ ያለውን የጭስ አላርም ማባበል ነው። እዚህ ላይ ነባሩ እውነተኛ ሊቅ ነው፤ ምክሩንም እንዳለ ብትቀበለው ይሻልሃል። ጭስ ሲበዛ የበረንዳው በር ይከፈታል፤ ወደ ኮሪደር የሚያስወጣው በር ግን ሞቼ እገኛለሁ። የቤትህ አላርም ቢጮህ የቤትህ ገመና ነው። ጭሱ ኮሪደር ከወጣ ግን የሕንፃው አላርም ይነሳል። ከዚያ ፎቁ ሙሉ በፒጃማ፣ ውሻ የታቀፈ ውሻውን ታቅፎ፣ በደረጃ ይወርዳል። እሳት አደጋም ይመጣል። ሄልሜት ያጠለቀ ግዙፍ ሰውዬ በሩ ላይ ሲገተር ባለቤቷ የምትለው ያው ነው። "ግባ እንጂ፣ ደርሷል፤ አቦል ነው።"

ለዓመት የተሰጠው ትምህርት በአንድ ጠዋት የሚሻረው ግን መርዶ ሲመጣ ነው። "እዚህ አገር ሳይደወል ሰው ቤት አይኬድም" ሲል የከረመው ነባር ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሃያ ሰው አስከትሎ፣ ሳይደውል፣ በር ያንኳኳል። ቅዳሜ የሆነው በምክንያት ነው። ሰውየው የሞተው ማክሰኞ ነው። ግን ልጁ በሥራ ቀን እንዳይሰማ ሸሸጉት። አንዱ ፌስቡኩን እንዳያይ "ስልክህን እስቲ አውሰኝ" አለው። ሌላው የማታ ሽፍቱን ለወጠ። እህቱ ከዴንቨር በረረች። ይህን ሁሉ የሚያቀናጅ ሰው "እኛ ሐበሾች መደራጀት አንችልም" እያለ ሲያማ የሚውለው ራሱ ነባሩ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ የሚባል ነገር ደግሞ አለ። መሥሪያ ቤቶች ለሐዘን ጥቂት ቀን ይሰጣሉ፤ ግን ፎርሙ ዝምድናውን ይጠይቃል። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ። ጡት ያጠባች አክስት የለችበትም። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አብልታ ያስተማረች የአባት እህትም የለችበትም። ነባሩ ለጥቂት ሰከንድ አስቦ "እናቴ ብለህ ሙላ። ታዲያ እናት አይደለችም?" ይላል። ውሸት ነው የሚል ሐበሻ እስካሁን አልገጠመኝም።

አንድ ወዳጄ በዚህ መንገድ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት እናት ቀበረ። ሁለተኛዋ ስታርፍ አለቃው ግራ ገባው፤ ጨዋ ሰው ነውና አልጠየቀም። ይልቁን አበባና ካርድ ይዞ ልቅሶ ቤት መጣ። ደውሎ፣ በሰዓቱ፣ ለሃያ ደቂቃ። በሩ ላይ ያለውን የጫማ ክምር ዘሎ ገባ። ሳሎኑ ጥግ ለጥግ ወንበር ተደርድሮበታል፤ በአንድ በኩል ይለቀሳል፣ በረንዳ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ሰውየው ወዳጄን አቅፎ "በእናትህ በጣም አዝኛለሁ" አለው። ልክ በዚያች ቅጽበት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የነበረው ስልክ እነሱ ጋ ደረሰ። ደሴ ያሉ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በቪዲዮ ያለቅሳሉ። ወዳጄ ሐዘን ላይ ነው፤ ማሰብ አልቻለም።

"ማን ናቸው?" አለው አለቃው።

"እናቴ።"

ፀጥ ተባለ። አለቃው በጣቶቹ አንድ ነገር መቁጠር የጀመረ መሰለ። ይሄኔ ነባሩ ሰሃን ይዞ ደረሰ። ምስር፣ ጎመን፣ አልጫ፣ በላዩ የተጠቀለለ እንጀራ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሃያ ደቂቃው አልቋል፣ መሄድ አለበት። ነባሩ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው።

"እዚህ ቤት እንደዛ አይደረግም" አለው በእንግሊዝኛ።

ተቀመጠ። በላ። ሰሃኑ ሲጋመስ አንዷ እናት መጥተው ጨመሩለት፤ ሲጨርስ ሌላዋ ደገሙት። ቡናው እየተቆላ ነው፤ ሰፌድ የሚያራግብ ሰው ስለጠፋ ሰፌዱን ለእሱ ሰጡት። ወንበር ላይ ቆሞ ኮርኒሱን እያራገበ ለቀስተኛው መቼ እንደሚበተን ነባሩን ጠየቀው።

"ስሪ ኦክሎክ" አለው ነባሩ። በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አልነገረውም።