ካፕሱል ፈልቃቂዎች ሆይ፣ ክብር ይገባችኋል

በአገራችን ለብዙ ነገር ሽልማት አለ። ለጎበዝ ተማሪ አለ፣ ለታማኝ ግብር ከፋይ አለ። ቁስል ለሚያመግለው ለስታፍ ባክቴሪያ ዕድገት ሌት ተቀን ለሚደክመው ወገናችን ግን እስካሁን አንድ ዋንጫ እንኳ አልተሰጠም። ግፍ ነው።

ሙያቸውን በቅርብ እንይ። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ተልጧል። እናት ከቡፌው መሳቢያ ውስጥ፣ ባለፈው ክረምት ከጉንፋን የተረፈችውን ቀይና ቢጫ የአሞክሲሲሊን ፍሬ ታወጣለች። (ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፣ አሞክሲሲሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ አይነካውም ብላችሁ እንዳትነግሯት፤ ሞራሏ ይነካል።) ካፕሱሏን በጥፍሯ ትፈለቅቃለች። ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነስነስ፣ በጣቷ ጫን ጫን፣ አለቀ። ውሃና ሳሙና? እሱማ የሰነፍ ሥራ ነው።

ዱቄቱ ይደርቃል፣ ይጋገራል፣ ከሥሩ ያለውን መግል ይከድናል። ስታፍ ምን ሲደርሰው! አብዛኛው ስታፍ እኮ እነአሞክሲሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ከሠራ ቆይቷል። ገና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ የአሞክሲሲሊን ታላቅ የሆነው ፔኒሲሊን በሰፊው መሰጠት እንደጀመረ ነው መላመድ የያዘው። በ1959 ሐኪሞች ሜቲሲሊን የሚባል አዲስ መድኃኒት ይዘው መጡ። በ1961 እሱንም የማይፈራ ስታፍ እንግሊዝ ውስጥ ተገኘ። ሁለት ዓመት ብቻ! እንዲህ ያለ ተማሪ ደግሞ ያለ ጥሩ አስተማሪ አይወጣም።

የስታፍ ትልቁ ስኬት ግን መኖሪያ ቤት ነው። እኛ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበን፣ ቆጥበን፣ ዕጣ ስንጠብቅ ፀጉራችን ሸበተ። እሱ ለተሰበረ አጥንት የገባ ብረት ወይም ለሽንት ማስወጫ የገባ ቱቦ ካገኘ በቃው። እዚያው ይጣበቅና ከስኳር፣ ከፕሮቲንና ከሞቱ ጓዶቹ ዲኤንኤ ያቦካውን ዝልግልግ ሙጫ በላዩ ላይ ለስኖ ይገባበታል። ባዮፊልም ይሉታል። ከውስጥ ያሉት ነዋሪዎች መባዛቱን ትተው ያንቀላፋሉ። ብዙው አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚበረታው በሚባዛው ላይ ነው። ሜዳ ላይ የተገኘን ስታፍ የሚጨርስ መጠን እዚህ ቤት ውስጥ ላለው አንዳንዴ መቶ እጥፍ፣ ሺህ እጥፍ ሆኖም አይበቃም። ሐኪሙ መጨረሻ ላይ ብረቱን ራሱን ነቅሎ ማውጣት ግድ ይሆንበታል።

የወገናችን አስተዋፅኦ የቱ ጋ ነው ትሉ ይሆናል። ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ያዩት ነገር አለ። ለመግደል የማይበቃ ጥቂት የፔኒሲሊን ዘር መድኃኒት ሲቀመስላቸው፣ አንዳንድ የስታፍ ዝርያዎች ሙጫውን ጭራሽ ያበዙታል። ለመግደል የማትበቃ፣ ለማስቆጣት የምትበቃ መጠን! ይህችን ልክ ያለ ሚዛን የሚያውቃት ማነው? በሦስተኛው ቀን «አሁንስ ተሻለኝ» ብሎ የሚያቆመው ሰውዬ ነዋ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስሙት፦

«ወንድሜ፣ እስቲ አሞክሲሲሊን ስጠኝ።»

«ማዘዣ ይዘዋል ጋሼ?»

«የምን ማዘዣ? ስሙን ነገርኩህ አይደል! አራት ፍሬ ትበቃኛለች።»

አራት ፍሬ። ሁለቱ ዛሬ፣ አንዷ ነገ፣ አንዷ ለክፉ ቀን። ጎረቤት ጥርሱን ሲያመው ያቺ አራተኛዋ አጥር ተሻግራ ትደርስለታለች። ይህ ደግነት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ጉሮሮውን ስላመመው አንድ ሰው አውርቶ ነበር። ሰውየው ራሱ ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል። ጀርሞቹ ይላመዱታል። ወደ ሚስቱ ይጋባሉ። መድኃኒቱ እሷ ላይ አልሠራ ይልና ትሞታለች። ፍሌሚንግ ማስጠንቀቁ ነበር፤ እኛ እንደ አወሳሰድ መመሪያ ያዝነው። በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ እንደገደሉ ተገምቷል። እንግዲህ በዚህ ውስጥ የእኛም አሻራ አለበት፤ ትሕትና ይቅርብን።

ሥራው ድንበርም ተሻግሯል። አሜሪካ ያለችው እህታችን «እዚህ እኮ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጡልሽም፣ ጭቅጭቃቸው!» ስትል፣ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ በሽሮውና በበርበሬው መሃል ሸጉጦ ያደርስላታል። ኋላ ሐኪሙ «የወሰድሽው መድኃኒት አለ?» ሲላት «ኧረ ምንም» ትላለች። እውነቷን ነው። ከአገር ቤት የመጣ ነገር መቼ መድኃኒት ይባላል፤ ስንቅ ነው እንጂ።